ማዕዘኑስ እኩል ነበር

ባለፈው ሰሞን ማመልከቻ የምጽፍበት ወረቀት ልገዛ ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቁ ሽበቴን አይቶ የልጅ ልጅ ያለው ሰው ነው ብሎ ገምቶ ነው መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን አውርዶ ከአፍንጫዬ ሥር ከፈተልኝ። ኮምፓስ፣ ፕሮትራክተር፣ አጭር ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ። ዕቃው እንደ ድሮው አይደለም፤ ብረቱ ስስ፣ ብሎኑ ልል ነው። ሽታው ግን ያው የድሮው ሽታ ነው። የአዲስ ቆርቆሮ ዘይት፣ የእርሳስ እንጨትና የላጲስ ሽታ ተደባልቆ ሲወጣ ባንኮኒው ላይ እንደተደገፍኩ ቀረሁ። ባለሱቁ ደንግጦ አመመዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላመመኝም፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ነው እንጂ። ወረቀቱንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ያን ጊዜ እኔ ደሴ ውስጥ ስሜ የሚታወቅ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ጉራ ነው ካላችሁኝ ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ ጦርነቱ አልፎ፣ ሰው ትንፋሹን መሰብሰብ የጀመረበት ዘመን ነበር። አዲስ መጽሐፍ ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። አሮጌው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጹ ተቀዶ ጠፍቷል፣ ሦስት ማዕዘኖቹ ግን እዚያው አሉ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሁለት ብር ከሃምሳ ሲሆን ረዳቱ መልስ ሲያጥረው ማስቲካ ይሰጣል፣ እኛም ተቀብለን እያኘክን እንወርዳለን። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ድረስ ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ ስለሚያወጡት አንዱ ጋ አምባሰል፣ ሁለት ሱቅ አልፎ ባቲ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁለቱም ተደበላልቀው ይሰማሉ። ጎረምሶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ሱሪ ለብሰው በቀበቶ ጠፍንገው ይታያሉ። እኔ አመድማ ሳፋሪ ነበረኝ፣ አራት ኪስ ያለው። በላይኛው ኪስ ቀይ እስክሪብቶ፣ በታችኛው ጠመኔ እይዛለሁ። ጠመኔው እየተፈረፈረ ኪሱን ነጭ ስላደረገው ባለቤቴ እያጠበች ታማርር ነበር፤ እኔ ግን ያ ነጭ ምልክት በመንገድ ላይ መምህርነቴን ስለሚናገርልኝ ባይለቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ የሰሌዳ ኮምፓስ በክፉው ጊዜ ስለጠፋ ሰኞ ገበያ አካባቢ ለሚሠራ አናጢ ነግሬ ከዋንዛ አሠራሁ። ቁመቱ ክንድ ይሆናል፤ አንዱ እግሩ ሚስማር፣ ሌላው እግሩ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ የታሰረ ጠመኔ። ይህን ኮምፓስ ትከሻዬ ላይ አጋድሜ በጠዋት ጉም ውስጥ ወደ ክፍል ስገባ የጦሳ ተራራ ጉም ከእኔ ጋር አብሮ ይገባል፤ የመስኮቱ መስታወት ግማሹ የለም። የሰፈር ጎረምሶች ስሜን ትተው «ኮምፓሱ መጣ» ይሉ ነበር። አልተቀየምኳቸውም። እንዲያውም አንድ ቀን ሳይሉኝ ሲያልፉ ዘወር ብዬ አይቻቸዋለሁ።

ፕሮትራክተር እኔ ክፍል አይገባም። ፕሮትራክተር ቁጥር ነው የሚነግርህ፤ ኮምፓስ ግን ቁጥሩን ሳታውቅ እኩል ያደርግልሃል እላቸው ነበር። ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ሚስማሩን ትተክላለህ፣ ሁለቱን ክንዶች የሚቆርጥ ቅስት ትስላለህ። ከዚያ የኮምፓሱን አፍ ሳትነካ ከአንዱ መቁረጫ አንድ ቅስት፣ ከሌላው መቁረጫ ሌላ ቅስት ትስላለህ። ሁለቱ ቅስቶች የሚገናኙበትን ነጥብ ከጫፉ ጋር በማስመሪያ ስታገናኝ ማዕዘኑ ለሁለት እኩል ተከፈለ ማለት ነው። ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ፣ ሁለቱ ቅስቶች ሊገናኙ ሲሉ የሚወርደው ጸጥታ እስካሁን ትዝ ይለኛል። አንዲት የኮምፓስ ሳጥን ስምንት ብር ስለነበረች አምስት ስድስት ሆነው ነው የሚጠቀሙባት፤ ከቦሩ ሜዳ የሚመላለሱት ደግሞ እርሳስ በክር አስረው ክብ ይስላሉ። ኋላ ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን ክፍል ገብቶ ኮምፓሱ በራሱ ሲዞር፣ አስተማሪው ጠመኔ ሳይነካው ሲናገር አየሁ። ጥሩ ነው፣ አልተቃወምኩም። ብቻ ያ ሰውዬ ተማሪው እርሳሱን እስኪቀርጽ አይጠብቅም ነበር።

ዝናዬ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱ ማዕዘን እንዲይዝለት ይጠራኛል፣ በረንዳው ላይ ቅስት የሚፈልግም ይጠራኛል። የቤተ ክርስቲያን መስኮትም የመስጊድ መስኮትም በእኔ ኮምፓስ ተከፍሏል፤ ወሎ ውስጥ ይህ የሚገርም አይደለም። እንግዲህ እትየ ዘሃራ ወደ ቤቴ የመጡት በዚህ ዝና ነው።

እትየ ዘሃራ ከአንድ ቧንቧ ውሃ የምንቀዳ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ጋሽ ይመር በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ካረፉ ቆይተዋል። ትተውላቸው የሄዱት ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ የጥግ ቦታ ነው። ቦታው ዋናው መንገድና አንድ ኮረኮንች መንገድ የሚገናኙበት ላይ ስለሆነ ከበሩ ጋ ጠባብ፣ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ ነው። በሩ እጫፉ ላይ ነው። ታላቋ ልጅ ፋጡማ ከባሏ ጋር እዚያው ግቢ ትኖራለች። ታናሿ ከድጃ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች፤ ከእናቷ ጎን የራሷን ቤት ሠርታ መመለስ ነበር ሐሳቧ። እትየ ዘሃራ ለሐጅ ሊሄዱ ቀን ቆርጠው ነበርና ከመሄዳቸው በፊት በሕይወት እያሉ ቦታውን ለሁለቱ እኩል ሰጥተው፣ የማንም ሐቅ አንገታቸው ላይ ሳይኖር መውጣት ፈለጉ። ለዓመታት ሲያስቡት የኖሩት መንገድ ነው፤ በልጆቻቸው መካከል ካላስተካከሉ አልሄድም ብለዋል።

ችግሩ በሩ ነበር። አባታቸው የገቡበትን የወጡበትን በር ለአንዷ ሰጥቼ በሌላዋ ላይ አልዘጋም አሉ እናትየዋ። ስለዚህ አጥሩ ከበሩ መሐል ተነሥቶ ወደ ኋላ ግድግዳ መሄድ አለበት፤ ሁለቱም በአንድ በር ይገባሉ፣ ከዚያ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኑሩ ሁለት ሳምንት በዓይናቸው ሲለኩት ከርመው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ማዕዘን ለሁለት የሚከፍል ሰው እያለን ምን አደከመን ብለው ወደ እኔ ላኳቸው። እኔም ወዲያው እሺ አልኩ። ግቢውን እንኳ ገብቼ ሳላይ ነው እሺ ያልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳፋሪዬን ለብሼ፣ የቃጫ ገመድና አራት ካስማ ይዤ ሄድኩ። የዋንዛው ኮምፓስ ለግቢ ስለማይበቃ ገመዱ ነው ኮምፓሱ። የመጀመሪያውን ካስማ በሩ መሐል ተከልኩ። ገመዱን አስር ርምጃ ላይ ቋጥሬ በኖራ ዱቄት ቅስት አዞርኩ፣ ሁለቱን አጥሮች ቆረጠ። ከሁለቱ መቁረጫዎች በዚያው ገመድ እንደገና አዞርኩ። ሁለቱ የኖራ መስመሮች ግቢው መሐል ተገናኙ። ከበሩ በዚያ መገናኛ ላይ ሲባጎ ወጥሬ እስከ ኋላው ግድግዳ ወሰድኩት። ሽማግሌዎቹ፣ ጎረቤቱ፣ ማኅተም ሊያሳርፍ የመጣው የቀበሌ ሰው ሁሉም በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ከበሩ ላይ ሲታይ ሲባጎው ግቢውን ልክ መሐሉን ሰንጥቆታል። ሼህ ኑሩ ሱብሃነላህ ብለው ጺማቸውን ዳሰሱ። ዕጣ ወጣ፤ የዋናው መንገድ ጎን ለፋጡማ፣ የኮረኮንቹ ጎን ለከድጃ ደረሰ። ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቅን፣ ሳምቡሳ ተበላ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ለእኔ ጠቦኝ ነበር ብል ይቀለኛል።

በሳምንቱ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከከድጃ መልእክት አመጣልኝ፤ ቅዳሜ ወደ ታች ከወረዱ ብቅ ይበሉ ብላለች አለኝ። ለምስጋና ሸሚዝ ልትሰፋልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለልኬት እንዲመች ንጹሕ የውስጥ ልብስ ለብሼ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ እንደ ወትሮው ግማሽ መንገድ ላይ ሁላችንም ጃኬታችንን አወለቅን፤ የደሴ ሰው ኮምቦልቻ መድረሱን የሚያውቀው በላቡ ነው። ከድጃ ከቦርከና ድልድይ ብዙም በማይርቅ ቦታ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበራት። በእግር የሚዞር የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ያላለቀ ቀሚስ፣ መሬቱ ላይ የጨርቅ ቁራጭ። እኔን ስታይ ተነሥታ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ፣ ለስላሳ አስመጣችልኝ። ሜትሯን ግን ከአንገቷ አላወረደችም።

ከመሳቢያዋ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ አውጥታ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። ይቺ ጫፍ በሩ ናት አለችኝ፤ ይሄ ረጅሙ ዋናው መንገድ፣ ይሄ አጭሩ ኮረኮንቹ። ከዚያ ከጫፉ ይዛ ሁለቱን ጎኖች አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝታ አጠፈችው። እጥፋቱ የእኔ ሲባጎ ነው። ጎኖቹ እርስ በርስ ተጋጥመው ተኙ፤ መጨረሻቸው ላይ ግን የዋናው መንገድ ጎን አራት ጣት ያህል ተርፎ ወጣ።

«ይቺ ትርፍ የማን ናት ጋሼ?» አለችኝ።

ጨርቁን አየሁት። ወዲያው ነው የገባኝ፤ እንዳልገባኝ ሰው ግን ማዕዘኑ እኩል ነው አልኳት።

«ማዕዘኑስ እኩል ነው፣ እሱን መች አጣሁት። ጨርቁ ነው እኩል ያልሆነው።»

የኋላውን ግድግዳ በርምጃ ለክታው ነበር። የፋጡማ ድርሻ አስራ አምስት፣ የእሷ አስራ ሁለት። እኛ ሁላችን በሩ ላይ ቆመን ስንደነቅ የኋላውን ግድግዳ አሮጌው ማድ ቤትና የኮክ ዛፎቹ ጋርደውት ስለነበር ማንም አላየውም። የቦታው ሁለት ጎኖች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ማዕዘኑን መክፈል ቦታውን መክፈል ይሆን ነበር። እኩል አይደሉም። ይህን አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቢሳሳተው ጆሮውን እይዘው ነበር።

ለምን ለእናቷ እንዳልነገረች ጠየቅኋት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እሷ ብትናገር እናቷ ሐጅ ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ለመሬት የተጣላች ልጅ ትባላለች፤ ከእህቷም ጋር ዕድሜ ልክ ይቀየማሉ። ዝም ብትል ደግሞ እናቷ ሳያውቁ ሐቋን ተሸክመው ይሄዳሉ። «እኔ አፉ ብያለሁ፣ ወላሂ ከልቤ ብያለሁ» አለች። «ግን እናቴ እኩል አካፈልኩ ብላ ነው የምትሄደው። አላካፈለችማ።» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እያጠቀለለች የምትለውን ጨመረች። ትርፏ ምናልባት የጨርቅ ስሕተት እንደሆነች ንገሩኝ ልትለኝ ነበር የጠራችኝ፤ እኔ ስሕተቱ የጨርቁ ነው ብላት አምናኝ ልትተወው ነው።

ጨርቁን ኪሴ ከትቼ ልነሣ ስል አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ቂም በሌለው ድምፅ ነው የነገረችኝ፣ እንዲያውም እየሳቀች። ስምንተኛ ክፍል እኔ ጋ ስትማር ኮምፓስ ስላልነበራት በፈተናው ላይ ወረቀቱን አጥፋ ነበር ማዕዘኑን የከፈለችው። እኔ ወረቀቷን ለክፍሉ አሳይቼ ማጠፍ ሒሳብ አይደለም ብዬ ዜሮ ሰጥቻታለሁ። አላስታወስኩትም። ያ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ፤ ምን ያህሉን እንደዚያ አድርጌ ረስቼ ይሆን።

በመልሱ መንገድ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ መኪናው ሐረጎን ሲወጣ ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለትን ነው። ልጅቷ አፉ ብላለች፣ እናትየዋ አያውቁም፣ ፋጡማም አታውቅም። በሲባጎው ላይ የቆርቆሮ አጥሩ ተመትቶ አልቋል። ከዚያ ደግሞ በጓሮ ለሼህ ኑሩ ብቻ ብነግራቸውስ፣ የቀበሌው ሰው አስተካክሉ አለ ብለው ካስማውን ቢያነሱትስ ብዬ አሰብኩ። የያዘኝ የማንም መሬት አልነበረም። የያዘኝ ኮምፓሱ መጣ የሚሉኝ ጎረምሶች ነበሩ። ደሴ ስንገባ ብርዱ መታኝ፣ ጃኬቴን መልበስ ረስቼ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሦስት ማዕዘኑን በደብተር ላይ ሣልኩት፣ ቆረጥኩት፣ አጠፍኩት። ትርፏ እዚያው አለች። አልዋሸችም፣ አልተሳሳተችም። በዚያች ቅጽበት ከኀፍረቴ ሥር አንድ ሌላ ነገር ብቅ ሲል ተሰማኝ፤ ይቺ ዜሮ የሰጠኋት ልጅ እኔን በልጣ አየች፣ ደግሞም የእኔ ተማሪ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ እትየ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። ሼህ ኑሩን አስጠሩልኝ አልኳቸው። ፋጡማና ባሏ ነበሩ፤ ከድጃም እናቷን ልትሰናበት ከኮምቦልቻ መጥታ ነበር። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ተሳስቻለሁ፣ የከፈልኩት ማዕዘኑን እንጂ ቦታውን አይደለም፣ የከድጃ ድርሻ ያንሳል አልኩ። ሼህ ኑሩ መምህር አብሽር፣ ሰው ነህ ብለው ሊያቀልሉልኝ ሞከሩ። የፋጡማ ባል ቆርቆሮውን በሳምንት ቀለም ቀብቶ ጨርሶት ነበርና አንገቱን ደፋ። እትየ ዘሃራ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

«ማነው የነገረህ?» አሉኝ።

እኔው ደረስኩበት ብል ኖሮ ከድጃም ከሐሜት ትድናለች፣ እኔም አዋቂነቴን ይዤ እወጣለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለሐጅ ሻንጣቸውን ካሰሩ ሴት ፊት ቆሜ መዋሸት አልቻልኩም። ከድጃ ናት አልኩ። በጨርቅ አሳየችኝ፣ ትክክል ናት፣ ልትተወውም ፈልጋ ነበር። ፋጡማ እህቷን አየቻት። ከድጃ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ያን ሰማያዊ ጨርቅ ከኪሴ አውጥቼ ያዝኩት።

ፋጡማ ምላሷ ስለት ያለው ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፣ የሚከተለውን ፈርቼ ነበር። ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው። ዘረጋችው፣ እንደገና በሌላ በኩል አጠፈችው። ትርፏ በየትኛውም በኩል እሷ ጋ ነው የምትወጣው። ከዚያ ጨርቁን ለባሏ ሰጥታ ማድ ቤት ገባችና መዶሻ ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ሚስማር ከቆርቆሮው ላይ የነቀለችው ራሷ ናት። «አንቺ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አለቻት እህቷን፣ ዞር ሳትል። ከድጃ ሄዳ ቆርቆሮው እንዳይወድቅ ከታች ያዘችላት። ሁለቱ እህትማማቾች ያን አጥር ከበሩ እስከ ጓሮ አብረው አፈረሱት። እኔ በሕይወቴ ብዙ የሚያምር ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

አሁን ማድረግ የሚገባው የኋላውን ግድግዳ መሐሉን ማግኘት ነው። ከበሩ ወደዚያ መሐል የሚሄድ መስመር ቦታውን እኩል ያደርገዋል፤ ጎኖቹ ቢበላለጡም መሠረታቸው እኩል፣ ቁመታቸው አንድ ነው። ግድግዳውም በኮምፓስ ነው መከፈል ያለበት አልኩ፤ ግትርነቴ አልለቀቀኝም። ከግድግዳው ማዶ የሰው ግቢ ስለነበር ቅስቶቹን በዚህ በኩል ብቻ ማዞር ነበረብኝ። ከሁለቱ ጫፎች በረጅም ገመድ አንዴ፣ ገመዱን አሳጥሬ አንዴ፣ በኮክ ዛፎቹ መሐል እየተጎነበስኩ አዞርኩ። ኖራው ሳፋሪዬ ላይ ተበተነ። ሁለቱን መገናኛዎች በሲባጎ አገናኝቼ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ነጥብ ስፈልግ ከድጃ እዚያ ቆማለች። ሌላ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግታ፣ ለሁለት አጥፋ፣ መሐሉ ላይ ጣቷን አሳርፋ ትጠብቀኛለች። የእኔ ሲባጎ ጣቷ ላይ መጣ። እሷ ሳቀች፣ ሼህ ኑሩ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ካስማውን እሷ ባሳየችኝ ቦታ ተከልኩት።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ለሰባዎቹ ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የሠራሁትን ስሕተት ከነኖራው ነገርኳቸው። ያን ጊዜ መምህር ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ አይልም፤ ቢልም ቶሎ ያጠፋዋል። ከፋጡማ ባል መልሼ የተቀበልኩትን ጨርቅ አሳየኋቸው፣ ሁሉም ወረቀት ቀድደው እንዲያጥፉ አደረግሁ። የከድጃን ስም ጠርቼ፣ የት እንደምትሠራ ነግሬ፣ እዚህ ክፍል የተማረች ናት አልኳቸው። ዜሮውንም ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማዕዘን መክፈል ሳስተምር የምጀምረው በማጠፍ ነው፤ ቀጥሎም ማዕዘን ሲከፈል ምን እኩል እንደሚሆንና ምን እንደማይሆን እጠይቃለሁ። ከተማሪዎቼ መሐል ዛሬ መሐንዲስ የሆኑ፣ መንገድ የቀየሱ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ የሚሠሩ አሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ኮምፓሴ ሳይሆን ስለዚያ ሰኞ ያነሱብኛል። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ቆሜ እሰማቸዋለሁ። ከድጃም ቤቷን ሠራች፤ ዛሬ አራት መኪና የቆመበት የስፌት ቤት አላት። ስሟ ሲነሣ አስተማሪዋ ነበርኩ ለማለት የሚቀድመኝ የለም።

እትየ ዘሃራ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው የተነሡት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፣ ጉሙ ከመብራቱ ፊት ይነፍሳል። ሸኚው ብዙ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጋቢውን ተከናንቦ መጥቷል። እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ሰው እየዞሩ አፉ በሉኝ ይላሉ፣ ሰውም አፉ ብለናል ይላል። በመጨረሻ ሼህ ኑሩ ከፍ ባለ ድምፅ ጠየቋቸው፤ የሰው ሐቅ አለብሽ ወይ ዘሃራ አሉ። እሳቸው ወደ ልጆቻቸው ዞሩ።

«የለባትም» አሉ ፋጡማና ከድጃ፣ እኩል።

ሰዎች ኋላ የምስጋና ወረቀት ሰጥተውኛል፣ መድረክ ላይ ጠርተው ጋቢ አልብሰውኛል። በእነዚያ ሁሉ የኮራሁትን አንድ ላይ ብደምረው የዚያችን ጠዋት ያህል አይሆንም። እትየ ዘሃራ የአውቶቡሱን ደረጃ ሊረግጡ ሲሉ ከሰዉ ኋላ ቆሜ አዩኝና ተመልሰው መጡ። «አንተስ መምህር፣ አፉ ብለኸኛል?» አሉኝ። ምን በድለውኝ ነው አልኳቸው። እሑድ ዕለት ማን ነገረህ ብለው በሰው ፊት እንዳሳፈሩኝ፣ ሌሊቱን ይህ ሲከነክናቸው እንዳደረ ነገሩኝ። እኔም ያለውን ነገርኳቸው።

«እትየ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።»

ትንሽ አዩኝ። እንግዲያውስ ልሂድ አሉና ወደ አውቶቡሱ ወጡ።